የማይወርድ መስመር ፍለጋ

ትዕቢተኛን በትሑት አፍ የሚገሥጽ አምላክ ስሙ ይመስገንና፣ በእኔ የደረሰውን ልንገራችሁ።

በደብራችን የቅኔ መምህር ነኝ። ሊቀ ጳጳሱ የሚመርቁት ድረ ገጽ ሲሠራ፣ ቁጥርን ወደ ግራፍ የሚለውጥ የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ የሚሉትን የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚመርጥ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሰብሳቢም እኔ ሆንሁ። ጃቫስክሪፕት ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ አላውቅም ማለት ግን ነውር መስሎኝ ሹመቱን ተቀበልሁ።

ድረ ገጹን የምትሠራው ሴት የጉባኤ ቤቴን ተማሪዎች ቁጥር በሦስት ላይብረሪዎች ሥላ አቀረበች። ቁጥሩ በአምስት ዓመት ከስድሳ ወደ ዐሥራ አንድ ወርዶ ነበርና፣ መስመሩ በሦስቱም ቁልቁል ሄደ። በሊቀ ጳጳሱ ፊት ልዋረድ መሆኔ ታየኝ።

«የመጀመሪያው ቀለሙ ደብዛዛ ነው፤ ሁለተኛው ፊደሉ ያንሳል፤ ሦስተኛው እንዲሁ አላማረኝም» አልሁ።

«የኔታ፣ ያላማረዎት ቁልቁለቱ ነው» አለች።

በኮሚቴው ፊት ተቆጣሁ። «መስመሩ የማይወርድበትን ላይብረሪ እስከ ነገ አምጪ፤ አለዚያ ሥራውን ለሌላ እንሰጣለን።»

እርሷም አንገቷን ደፍታ፣ «እሺ የኔታ፤ አንድ ጥያቄ ብቻ ይፍቱልኝ። የንስሐውን መዝሙር፣ ተሣሃለኒን፣ የሚደግም ሰው ዳዊቱን በአዲስ ብራና ቢያስገለብጥ ኃጢአቱ ይቀልለታል? ይቀላል ካሉኝ፣ ነገ አመጣለሁ» አለች።

ይቀላል ብል ኑፋቄ ነው፤ አይቀልም ብል ተረታሁ። አርባ ዓመት ያን መዝሙር ያስተማርሁ እኔ፣ «ከሦስቱ አንቺ የወደድሽውን አድርጊው» አልኋት።

ሰምታችሁ የሳቃችሁብኝ ሁሉ፣ እንዲህ ያለ ተናጋሪ እግዚአብሔር ከደጃችሁ አያጥፋባችሁ፤ አሜን።