ለልጃቸው የሚመልሱት አባት

አንዲት ምላሷ የሰላ ወጣት ከባለወፍጮው ከአቶ ደምመላሽ አንዲት ክፍል ተከራየችና በሩ ላይ «ተማሪ እናስጠናለን» የሚል ሰሌዳ ሰቀለች። የመጀመሪያዋ ተማሪ የአቶ ደምመላሽ የራሳቸው ልጅ፣ የትናየት ሆነች። ምን ዋጋ አለው፣ ልጅቷ ብቻዋን አልመጣችም። አባትየው «ቤቱም የኔ፣ ልጅቷም የኔ» ብለው በየቀኑ አጠገቧ ይጎለታሉ፤ አስጠኚዋ ልጅቷን ስትጠይቅ ቀድመው የሚመልሱት እሳቸው ናቸው።

«ግማሽና ሲሶ ሲደመር ስንት ነው የትናየት?» ብትል፣ «ሁለት አምስተኛ ነዋ» ይላሉ አቶ ደምመላሽ። አስጠኚዋ ዳቦ እየቆራረሰች ታስረዳለች፤ እሳቸው ይከራከራሉ፤ የትናየት ደግሞ ዳቦውን ትበላለች።

ፈተናው ደረሰና የትናየት ወደቀች። አቶ ደምመላሽ ልጃቸውንና ጎረቤቱን ሁሉ አስከትለው እየተንጎራደዱ መጡ።

«እዚህ ቤት ተምሮ ያወቀ አንድ ሰው አሳዪን» አሉ። «ካጣሽ ሰሌዳሽን አውርጂና ቤቴን ልቀቂ።»

አስጠኚዋ ምንም ሳትደነግጥ ወደ ልጅቷ ዞረች።

«የትናየት፣ ግማሽና ሲሶ ሲደመር ስንት ነው?»

ልጅቷ አፏን ሳትከፍት አቶ ደምመላሽ ደረታቸውን ነፍተው፣ «አምስት ስድስተኛ ነዋ» አሉ።

«ይኸው ጋሼ፣ እርስዎን አስተምሬ ጨርሻለሁ» አለች አስጠኚዋ። «ከነገ ጀምሮ እርስዎ ወፍጮ ቤት ይዋሉልኝና፣ እኔ ደግሞ ልጅዎን ልጀምር።»