የእንግሊዟ ላምና የአጋዘኗ ምንጭ

ጆሮ ያለው ይስማኝ፣ እንቅልፍ የመጣበት ይተኛ፤ እኔ እንደሆን ማውራቴ አይቀርም።

ድሮ ድሮ፣ ውቅያኖስ ተሻግረው የመጡ እንግሊዞች በሰው አገር፣ አንድ ወንዝ ዳር ሰፈሩ። ዴዚ የምትባል ላምም ይዘው መጡ። "ትሄጃለሽ ወይ?" ብሎ የጠየቃት የለም፤ ላምን ማን ይጠይቃል። ከመርከብ አውርደው ጭቃ ላይ አቆሟት። የአገሯ ሣር ናፈቃት፤ ትታት የመጣችው ጥጃዋማ አንጀቷን በላችው። በየማለዳው ወንዝ ዳር ወርዳ ነፋሱን ትጠይቀዋለች።

"አንተ ነፋስ፣ መርከብ አየህ?"

"አላየሁም።"

"አገሬስ እንዴት ናት?"

"ደህና ናት" ይላታል። የት አባቱ ያውቃል! ሆዷ እንዳይባባ ብሎ ነው።

አንድ ቀን ስትዞር ለምለም በቆሎ አገኘች። አጥር የለውም። በዴዚ አገር ያልታጠረ መስክ የመንደሩ ከብት ሁሉ ነው፤ እሷም ዘው ብላ ገባችና በላች። ይሄኔ ከጫካው አንዲት አጋዘን ብቅ አለች።

"ምነው እቴ፣ የሰው እርሻ እኮ ነው።"

"ታዲያ አጥሩ የታለ?"

"እኛ ዘንድ አጥር የለም። ማን እንደዘራው ሁሉም ያውቃል። እኔም አንዳንዴ እሰርቃለሁ፤ ግን መስረቄን አውቃለሁ።"

ዴዚ አፈረች፤ ምን ዋጋ አለው፣ በልታ ጨርሳለች። ባለእርሻዎቹ ተናደው ጭኗን በቀስት ወጓት። እንግሊዞቹ ደግሞ "ላማችን ተነካች" ብለው የተረፈውን በቆሎ አቃጠሉት። እስከዚያ ድረስ ግን ብርድ በመጣ ቁጥር ከባለእርሻዎቹ በቆሎ እየለመኑ የሚበሉት እነሱው ነበሩ። በረዶው ሲወርድ ከዚህም ከዚያም ወገን ብዙ ሰው በረሃብ አለቀ።

ያኔ በዴዚ ጌታ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው መጥረቢያ ጠራት። መጥረቢያ መቼም ሥራ መፍታት አይወድም።

"የጠቡ ሁሉ መነሻ አጥር ማጣት ነው" አላት። "ጫካውን ልመንጥርልሽ፣ ዙሪያውን ልጠርልሽ። አንቺ ብቻ እምቧ እያልሽ አልቅሺ፤ ጌታችን አዝኖልሽ ያነሳኛል።"

"ልክ እንደ አገሬ ይሆናል?"

"ልክ እንደ አገርሽ።"

አለቀሰች። ማስመሰል እንኳ አላስፈለጋትም።

ጌታዋም መጥረቢያውን አነሳ። ጫካው ወደቀ፣ አጋዘኗ የምትጠጣበት ምንጭ ታጠረ፣ ከአገሯ የመጣው የሣር ዘር በቀለ። ዴዚ መሃሉ ላይ ቆማ ቀመሰችው፤ ጣዕሙ ያው ነው። ጥጃዋ ግን የለችም። ናፍቆቷ ይብስ ጀመር።

አንድ ማለዳ አጋዘኗ መጣች፤ ክስት ብላለች። ከአጥሩ ውጭ ቆማ ምንጩን ታያለች።

"ምን ሆንሽ እህቴ?" አለቻት ዴዚ።

"አገሬ ናፈቀኝ።"

"አገርሽ ላይ ቆመሽ?"

"አዎ። እናቴ ውሃ መጠጣት ያስተማረችኝ እዚያ አንቺ የቆምሽበት ላይ ነው።"

ዴዚ አጥሩን በግንባሯ ገፋችው። አልነቃነቅ አላት። ደግማ ገፋችው፤ እምቢ አለ። ነፋሱ እየሮጠ ደረሰ።

"ዴዚ፣ መርከብ መጣልሽ!"

"ምን ጭኗል?"

ሦስተኛ ስትጠይቀው ነው የመለሰላት።

"መጥረቢያ።"

አያችሁ ልጆቼ፣ አገሩ የናፈቀው የሰውን አገር የራሱ ቢያስመስለው አገሩን አያገኝም፤ አንድ የነበረውን ናፋቂ ሁለት ያደርገዋል እንጂ።