ሞተሩ እንዲነሳ፣ ሰውየው እንዲነሱ

ተረት ተረት! ዛሬስ «የላም በረት» አትበሉኝ፤ «የሞተር ጩኸት» በሉኝ።

በአንዲት የስምጥ ሸለቆ ከተማ ዳር ሞተር የሚወዱ ሰዎች ተሰባስበው ውድድር አዘጋጁ። ደመወዝ የሚከፈለው ሰው የለም፤ መምህሩም መድኃኒት ሻጩም ባለሱቁም በነጻ ነው የሚለፋው። ልብስ ሰፊዋ ትርንጎም ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሳ፣ ፊሽካ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ አስተናባሪ ሆነች። ሥራዋ ሲያወሩት ቀላል ነው፤ ተመልካቹ ከገመዱ ኋላ፣ ሞተሩ ከገመዱ ፊት።

መታጠፊያው ላይ ግን ከገመዱ ፊት አንድ ድንጋይ አለ። ድንጋዩ ላይ ደግሞ ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሾፌር አቶ ወንድይፍራው እግራቸውን አነባብረው ተቀምጠዋል። ጠዋት በልምምድ ጊዜ አንድ ሞተር ተንሸራቶ ያንኑ ድንጋይ ለጥቂት ነው የሳተው። እናም ትርንጎ አንዲት ትንሽ ነገር ፈለገች፤ ሰውየው እንዲነሱላት።

«አባባ፣ እባክዎ ይነሱልኝ። ሞተር እዚህ ጋ ይንሸራተታል።»

«ልጄ ፋንታነሽ ዛሬ ገና መወዳደሯ ነው። ከገመዱ ኋላ ብሄድ የዚያች ሴትዮ ጃንጥላ ይጋርደኛል። ጃንጥላው ይታጠፍ፣ እነሳለሁ። እስከዚያው ንቅንቅ አልልም!»

ትርንጎ ወደ ባለጃንጥላዋ ሄደች። ወይዘሮ የሺመቤት ድንኳን የሚያህል ቀይ ጃንጥላ ዘርግተዋል።

«እትዬ የሺመቤት፣ ጃንጥላው ካልታጠፈ አባባ አይነሱም። አባባ ካልተነሱ እኔ አላርፍም። እባክዎ ይጠፉልኝ!»

«ምን አልሽ? ልጥፋልሽ? የት ልጥፋልሽ?»

«ኧረ ጃንጥላውን ነው!»

«እና ፀሐዩ አናቴን ይብላው? ጥላ ያለው ግራሩ ሥር ነው፤ ግራሩ ሥር ደግሞ ያ ፈረስ ከነጋሪው ተገትሯል። ፈረሱ ይሂድ፣ ጥላው ሥር እገባለሁ፣ ጃንጥላዬንም አጥፈዋለሁ።»

ትርንጎ ወደ ባለጋሪው ወደ ቱፋ ሮጠች።

«ቱፋ ወንድሜ፣ ፈረሱ ካልሄደ ጃንጥላው አይታጠፍም። ጃንጥላው ካልታጠፈ አባባ አይነሱም። አባባ ካልተነሱ እኔ አላርፍም። እባክህ ፈረስህን ውሰድልኝ!»

ቱፋ ልጓሙን ሳብ አደረገ፤ ፈረሱ ጆሮውን ወደ ኋላ አጥፎ ችንክር አለ። «አየሽ? መውጫው በሞንታርቦው በኩል ነው። ያ ነገር እንዲህ እያጓራ ፈረሱ አያልፍም።»

«ከሞተሩ ጩኸት የባሰ ነው እንዴ?»

«ሞተርማ ለምዷል! ከባጃጅ ጋር ሲጋፋ ነው ያደገው። የሞንታርቦው ድምፅ ይቀነስ፣ ፈረሱ ይሄዳል።»

ሞንታርቦው ጎን ማይክ ይዘው የሚጮኹት የጂኦግራፊ መምህሩ ስለሺ ናቸው። ትርንጎ እያለከለከች ደረሰች።

«መምህር፣ ድምፁ ካልተቀነሰ ፈረሱ አይሄድም። ፈረሱ ካልሄደ ጃንጥላው አይታጠፍም። ጃንጥላው ካልታጠፈ አባባ አይነሱም። አባባ ካልተነሱ እኔ አላርፍም። እባክዎ ይቀንሱልኝ!»

«ምን አልሽ?»

ትርንጎ ከመጀመሪያው ጀምራ ደገመችው፣ አሁን ግን በጩኸት።

«እንዴት ልቀንስ?» አሉ መምህሩ። «ጭነት መኪናው ላይ የተሰቀሉትን ጎረምሶች አትሰሚም? እነሱ እንዲህ እየጨፈሩ እኔን ማን ይሰማኛል? እነሱ ዝም ይበሉ፣ እቀንሳለሁ።»

እውነትም ጎረምሶቹ የቆመ ጭነት መኪና ላይ ወጥተው «ሞተር ይነሳ! ሞተር ይነሳ!» እያሉ ቆርቆሮውን በእግራቸው ይደልቃሉ። ትርንጎ ፊሽካዋን ነፋች። ለጭፈራቸው አጃቢ ያገኙ መስሏቸው አጨበጨቡላት።

«ስሙኝማ! እናንተ ዝም ካላላችሁ ድምፁ አይቀነስም! ድምፁ ካልተቀነሰ ፈረሱ አይሄድም! ፈረሱ ካልሄደ ጃንጥላው አይታጠፍም! ጃንጥላው ካልታጠፈ አባባ አይነሱም! አባባ ካልተነሱ እኔ አላርፍም!»

ጎረምሶቹ ይህንንም ዜማ አወጡለት። «አባባ ካልተነሱ፣ እሷ አታርፍም! ሆ!» አሉ። መሪያቸው ምትኩ የሚባለው ጎንበስ ብሎ፣ «እህቴ፣ ሞተር ልናይ መጥተን አቧራ ስንውጥ ዋልን። የሞተር ድምፅ ያሰሙን፣ ጸጥ እንላለን። እናቴ ትሙት!» አላት።

ውድድሩን የሚያስጀምሩት መድኃኒት ሻጩ ጋሽ ደምመላሽ ናቸው። አረንጓዴ ባንዲራቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ቆመዋል። ትርንጎ ላብ ላብ ብሏት መጣች።

«ጋሽ ደምመላሽ፣ ሞተሩ ካልተነሳ ጎረምሶቹ ዝም አይሉም። ጎረምሶቹ ዝም ካላሉ ድምፁ አይቀነስም። ድምፁ ካልተቀነሰ ፈረሱ አይሄድም። ፈረሱ ካልሄደ ጃንጥላው አይታጠፍም። ጃንጥላው ካልታጠፈ አባባ አይነሱም። አባባ ካልተነሱ...»

«አባባ ካልተነሱማ ውድድር የለም!» አሉ ጋሽ ደምመላሽ። «ሰው ድንጋይ ላይ ጎልቼ ሞተር ልልቀቅ? ደም ልታስፈስሺኝ ነው? እሳቸው ይነሱ፣ ሞተሩ ይነሳል!»

ትርንጎ መሬቱ ላይ ዘጭ አለች። ያን ሁሉ ሮጣ ሮጣ የደረሰችው እዚያው ድንጋይ ላይ! እንባዋም ሳቋም እኩል መጣባት። ተወዳዳሪዎቹ የራስ ቁራቸው ውስጥ ይቀቀላሉ። ሕዝቡ እየተገፋፋ ገመዱን መጎተት ጀምሯል። ትንሽ ከቆየ እንኳን አንድ ሽማግሌ፣ ሰፈሩ ሁሉ ድንጋዩ ጋ ሊወርድ ነው።

ድንገት ቀና አለች።

«ጋሽ ደምመላሽ፣ ሞተሩ ባለበት ቆሞ ቢነሳስ?»

«ባለበት?»

«ባለበት። ባንዲራዎ ከብብትዎ አይውጣ። ጎማም አይንቀሳቀስ። ይጩህ ብቻ።»

ጋሽ ደምመላሽ አገጫቸውን አከኩ። «ሕጋችን... ስለ መሮጥ ነው የሚለው። ስለ መጮህ ያለው ነገር የለም።»

ትርንጎ ፋንታነሽ ጋ በረረች። «እስቲ አስጩሂልኝ!»

«ለምን?»

«አባትሽን ላስነሳ ነዋ!»

ፋንታነሽ ሳቀችና መርገጫውን ረገጠች። ቡምምም! ሌሎቹም ተከተሏት።

ሞተሩ ሲነሳ ጎረምሶቹ አፋቸውን ከፍተው ዝም አሉ። ጎረምሶቹ ዝም ሲሉ መምህሩ ድምፁን ቀነሱ። ድምፁ ሲቀነስ ፈረሱ ጆሮውን አቁሞ ሄደ። ፈረሱ ሲሄድ እትዬ የሺመቤት ጥላው ሥር ገቡ። ጥላው ሥር ሲገቡ ጃንጥላው ታጠፈ። ጃንጥላው ሲታጠፍ አቶ ወንድይፍራው ወደ ግራ አዩ፤ ወደ ቀኝ አዩ፤ ሌላ ሰበብ ፈለጉ። አጡ።

«ጉልበቴ እኮ ነው...» አሉ፤ ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። «ያዢኝማ!»

ትርንጎ ሳበቻቸው፤ ተነሱ። ከገመዱ ኋላ አቆመቻቸው። ጋሽ ደምመላሽ ባንዲራቸውን አወዛወዙ፤ ሞተሮቹ ተፈተለኩ።

በሁለተኛው ዙር ሰማያዊ የራስ ቁር ያደረገ ልጅ መታጠፊያው ላይ ተንሸራተተ። እሱ አሸዋው ላይ ተንከባለለ፤ ሞተሩ ብቻውን ሄዶ ድንጋዩ ላይ ጓ! አለ። ልጁ ተነስቶ ሱሪውን አራገፈ። አቶ ወንድይፍራው ድንጋዩን አዩ። ከዚያ ትርንጎን አዩ።

በዚህ መሐል ሕዝቡ የወደቀውን ሊያይ ገመዱ ላይ ተደፋ። የትርንጎን ፊሽካ የሰማ የለም። ያኔ ሽማግሌው ገመዱን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው፣ በዚያ የአውቶቡስ ሾፌር ድምፃቸው ጮኹ።

«ወደ ኋላ! ወደ ኋላ ጠጋ ጠጋ በሉ! አንተ ባለኮፍያው፣ መሞት አምሮሃል?»

ሕዝቡ አፈገፈገ። ከጀርባቸው ደግሞ ፋንታነሽ ሁለት ሞተር ቀድማ፣ አቧራውን እየሰነጠቀች መታጠፊያውን አለፈች።

«አባባ! ልጅዎ አለፈች እኮ!» አለች ትርንጎ።

አቶ ወንድይፍራው ዞር ቢሉ አቧራ ብቻ።

«አይቻታለሁ!» አሉ ቆጣ ብለው። «አንቺ ዝም ብለሽ ገመድሽን ያዢ!»

ተረቴን መልሱ፤ እናንተም ከገመዱ ኋላ ተመለሱ።