ሁለት ቅቤ ለአንድ ጎፈር

አንድ ጊዜ፣ የዱሩም የቤቱም እንስሳ በአንድ ዳኛ ሥር በሚተዳደርበት ዘመን፣ ዳልቻ የምትባል ላም ከጥጃዋ ጋር በወንዝ ዳር ጨፌ ላይ ትግጥ ነበር። እንዲያው ተራ መስክ እንዳይመስላችሁ! በጋም ሆነ ክረምት ውሃ አያጣውም፤ ማገጥ የሚባለው ለምለም ሣር ጉልበት ይደርሳል፤ ጦስኙ ገና ሲረግጡት ያውዳል። ችግሩ ጨፌው የዳልቻ አለመሆኑ ነው። ባለቤቱ ዳኛው አያ አንበሶ ነበር።

አያ አንበሶ ሣር አይበላ ነገር፣ ጨፌው ምንም አያደርግለትም። ጎፈሩን ግን እንደ ዓይኑ ብሌን ያየዋል። ስለዚህ ደንብ አወጣ፦ ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ብቅ ስትል እንስሳው ሁሉ ለበዓል ከዋርካው ሥር ይሰበሰባል፤ ለጎፈሩ ምርጡን ቅቤ ያመጣ ጨፌውን እስከ ከርሞ ይይዛል። የተሸነፈ ወደ ጭንጫው ዳገት ወጥቶ ያምናውን ገለባ ይቆረጣጥማል። ዳልቻ አምና አሸንፋ ጨፌውን ብትይዝም ያን ዳገት ታውቀዋለች። ታላቅ እህቷ እዚያ ወጥታ ጡቷ ደረቀ፤ ጥጃዋም ሳይጠነክር ቀረ።

ያን ዓመት ጨፌውን የጎመጀች ሌላም ነበረች፤ እመት ቀበሮ። ሣሩን ፈልጋ አይደለም፤ ከሣሩ ሥር የሚርመሰመሱትን ፍልፈሎች ብቻዋን ልትለቅም ነው። አንድ ጠዋት ጭራዋን እየነሰነሰች መጣች።

«እንዴት አደርሽ ዳልቻ? ምነው ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለሽ? ወገብሽን አያምሽም?»

«ሣሩ ወደ አፌ አይዘልልኝ፣ ምን ላድርግ?»

«በረትሽ ውስጥ አርፈሽ ተኚ እንጂ! ገለባ እኔ አስመጣልሻለሁ። ቅቤ እንደሆነ ቅቤ ነው፤ ከሣር ይምጣ ከገለባ ማን ያውቃል?»

«ጥጃዬ ያውቃል» አለች ዳልቻ እያመነዠከች። «ገለባ ስበላ ወተቴ ይቀጥንበታል፤ ቅቤዬም እንደ ኖራ ይነጣል። ይሄን ማገጥ ስግጥ ግን ቢጫው ራሱ ከአበባው ይመጣል።»

«ምስኪን! ቢጫ ከሆነ ችግሩማ፣ ለቢጫ መላ አለው» አለችና እመት ቀበሮ እየሳቀች ሄደች።

የሄደችው ወደ አያ ጅቦ ጎሬ ነበር። አያ ጅቦ ደጃፉ ላይ ተጋድሞ አጥንት ይቆረጥማል።

«አያ ጅቦ፣ የዚያ የሞተው በሬ ሞራ አለህ?»

«አለ። ለክፉ ቀን ቀብሬዋለሁ።»

«ክፉ ቀንህ ዛሬ ነው። አምጣው።»

«በምትኩስ?»

«ዳልቻን! ከጨፌው ከተነቀለች ዳገቱ ላይ ትከሳለች፤ ከከሳች ትወድቃለች፤ ስትወድቅ አንተ ከሥር ትጠብቃታለህ።»

አያ ጅቦ «ትወድቃለች» ከሚለው በኋላ ያለውን አልሰማም፤ ምራቁ ጆሮውን ደፈነው። «ቶሎ ትወድቃለች?» አለ።

«እሱ ባንተ አፍ ነው። በበዓሉ ቀን ሞራ የሚል ቃል እንዳይወጣህ።»

«ሞራ አልልም።»

«ይኸው አልከው!»

«አሁንማ በዓሉ መች ደረሰና!»

እመት ቀበሮ ሞራውን አቅልጣ፣ እርድ ደቁሳ ጨምራ፣ እያሸች አድቦልቡላ በኮባ ቅጠል ጠቀለለችው። ይህን ዘዴ ከየትኛዋ ገበያተኛ እንደተማረችው ተረቱ አይናገርም፤ እኛም ስም አንጠራም።

በዚያው ሰሞን ከጨፌው ዳር፣ በወይራ ጭስ የታጠነ ቅል ከቅርንጫፍ ተንጠልጥሎ ነበር። የዳልቻ ባልንጀራ እትዬ አህዪት በግንባሯ ወዲያና ወዲህ እየገፋች ስትንጠው ቆየችና፣ ክዳኑን ከፍታ ስታይ ፊቷ በቅሬታ ረዘመ፤ ድሮም ረጅም ነው።

«ቅቤሽ ይቺው ናት?»

«ጥጃዬ ጠብቶ ከተረፈው ይቺው ናት።»

«እንግዲያ እስከ በዓሉ ድረስ ጥጃውን ከልክዪዋ! ቀበሮዋ ያዘጋጀችውን አይተሻል? ኩይሳ የሚያክል ነው አሉ። ብትሸነፊ እኮ ልጅሽም አብሮሽ ዳገት ነው የሚወጣው!»

ዳልቻ ዞር ብላ ጥጃዋን አየችው፤ ጡቷን በግንባሩ እየደቃ በአፉ ዙሪያ አረፋ ሠርቷል። ዳገቱ ዓይኗ ላይ መጣ።

«እሱን አስርቤ የማወፍረው ቅቤ ይቅርብኝ» አለች በመጨረሻ።

«እልኸኛ!» አለች እትዬ አህዪት፤ ግን ክዳኑን መልሳ ገጥማ መግፋቷን ቀጠለች።

በዓሉ ደረሰ። እንስሳው ከዋርካው ሥር ተኮለኮለ። እመት ቀበሮ የኮባውን ቅጠል ስትገልጠው ሁሉም «ውይ!» አለ፤ እንደ ፀሐይ መግቢያ የቀላ ቢጫ ክምር! የዳልቻ ቅቤ ግን በቅል ጭልፋ ውስጥ የጥጃ ሰኮና ታክላለች።

«ለአንድ ጆሮውም አትበቃ!» አለች ጦጣ ከዛፉ ላይ። ሁሉም ሳቀ። ዳልቻ መሬት መሬቱን አየች።

አያ አንበሶ ትልቁን መረጠና ጎፈሩን አስቀባ። ከዚያም ወደ ፀሐዩ ሊወጣ ተነሳ።

«ጌታዬ፣ ጥላው አይሻልዎትም? ፀሐዩ ያምዎታል» አለች እመት ቀበሮ ቶሎ ብላ።

«ቅቤ ተቀብቶ ጥላ ውስጥ የሚቀመጥ ከማን ቤት አይተሻል? ካልቀለጠ ምኑን ሰረገ?»

ወጥቶ ተቀመጠ። ቅቤው ግን መስረግ አልሆነለትም። እንደ ጭቃ ተጋግሮ ቀረ። እርዱ ከላብ ጋር በአፍንጫው ወረደ። ዝንቡ መጣ። ቀጥሎ አንድ ከባድ ሽታ ተነሳና እስከ ኋላው ረድፍ ደረሰ። ኋላው ረድፍ የተቀመጠው ደግሞ አያ ጅቦ ነበር።

አፍንጫው ተንቀጠቀጠ። አንድ እግሩ ተራመደ፤ ሌላው ተከተለ። ራሱን ሳያውቅ ከዳኛው ጀርባ ደርሶ ምላሱን ዘረጋና ጎፈሩን ላሰ።

ጦጣ ዓይኗን በእጇ ሸፈነች።

«አያ ጅቦ» አለ አያ አንበሶ ሳይዞር፣ «ምን እያደረግህ ነው?»

«ጎፈርዎን... እያበጠርኩ ነው ጌታዬ።»

«በምላስህ?»

«ማበጠሪያ የለኝም።»

«አምና ቅቤ ይሸተኛል ብለህ ከወንዙ ማዶ አልነበር የተቀመጥከው? ከመቼ ወዲህ ወደድከው?»

አያ ጅቦ ስሙ የጠፋ መሰለው። «ኧረ ቅቤ ዛሬም አይጥመኝም!»

«ታዲያ የምትልሰው ምንድን ነው?»

«የራሴን ነዋ! ያንን የሞተውን በሬ...» አለና ቀበሮዋን አያት። «ሞራ አላልኩም እመት ቀበሮ! ይኸው፣ አላልኩም!»

ሳቁ ዋርካውን አናወጠው። አያ አንበሶ ግን አልሳቀም። እንዶድ አስወቅጦ፣ እመት ቀበሮን ወንዝ አውርዶ ጎፈሩን አሳጠባት። አረፋው አፍንጫዋ ውስጥ እየገባ እያስነጠሳት፣ እስኪጠራ ድረስ አሸችው። ያን ቀን ፍልፈሎች ከጉድጓዳቸው ብቅ ብለው ተመለከቷት ይባላል።

«ያቺን ትንሿን አምጡልኝ» አለ ተመልሶ።

የዳልቻ ቅቤ ገና ፀሐይ ሲነካት ቀለጠች። ከጎፈሩ ሥር ሰርጋ፣ እያበራች እስከ ትከሻው ወረደች። ማገጥ ማገጥ፣ ጦስኝ ጦስኝ ሸተተ። አያ አንበሶ ዓይኑን ጨፈነ።

«ጨፌው ራሴ ላይ በቀለ እኮ! ምን ጨምረሽበት ነው?»

«ምንም ጌታዬ። ጨፌው ያበቀለውን በላሁ፤ ልጄ ጠባ፤ የተረፈውን አመጣሁ።»

«እንግዲህ አንቺንና ልጅሽን ከጨፌው የሚያስወጣችሁ የለም፤ ዘንድሮም ከርሞም። ቅቤውን የናጠችውም ባልንጀራሽ አብራችሁ ትጋጥ። ጅብ ግን ወንዙን እንዳይሻገር!»

እትዬ አህዪት በደስታ ስታናፋ ጦጣ ጆሮዋን ደፈነች። ጥጃው ጅራቱን ቀስሮ ወደ ለምለሙ ሣር ሲፈረጥጥ፣ ዳልቻ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዳገቱ ሳታይ ተከተለችው።

ከዚህ የምንማረው፣ ቅቤን ቅቤ የሚያደርገው የተነሰነሰበት እርድ ሳይሆን ላሚቱ የጋጠችው ሣር እንደሆነና፣ ቀለም የሸፈነውን ውሸት ፀሐይ እንደሚገልጠው ነው።