ምርቃቱ ለማን ይገባል?

በአንድ ወቅት፣ ዘርጋው የሚባል፣ ቆዳ እያለፋ ሦስት ወንዶች ልጆች ያሳደገ ሰው ነበር። የሰው ከብት ቆዳ ሲያገላብጥ ኖሮ በስተርጅናው የራሱ ቆዳ ከዳው። ገላው ውሃ እየቋጠረ፣ ነካ ሲያደርጉት እየተላጠ መተኛ አሳጣው። በእነሱ አገር አባት ሲደክም አንዱን ልጅ መርቆ ቤቱን ያወርሰዋል። ዘርጋው ግን ምርቃቱን አቆይቶ ጠበል ገባ። «ሳልድን አታውጡኝ» ብሎ ሦስቱንም አስማላቸው።

በኩሩ ሸዋንግዛው የአባቱን መመንመን ማየት አልቻለም። «የተሻለ ጠበል አለ» ብሎ መኪና ላይ አሳፈረና ሆስፒታል አወረደው። ሐኪሟም ስትነግራቸው፣ የቆዳ ሕዋሳት እጅ ለእጅ ተያይዘው እንደ አጥር ይቆማሉ፤ ከውጭ ጀርም አያስገቡም፣ ከውስጥ ውሃ አያስወጡም። የዘርጋው ግን የገዛ ደሙ ጠባቂዎች ወገናቸውን ጠላት አድርገው የተያያዙበትን እጅ ይቆርጡባቸዋል። ዘርጋው ይህን ሰምቶ ወደ ልጁ ዞረ።

«ምለህልኝ አልነበረም?»

ሐኪሟ ያዘዘችለትን ክኒን አልውጥም ብሎ ወደ ጠበሉ ተመለሰ።

መካከለኛው ደምለው ክኒኑን እየፈጨ አባቱ ሳያውቅ በወተት ያጠጣው ጀመር። ቁስሉ ጠገግ አለ። አባት «ጠበሉ ያዘልኝ» እያለ ሲያመሰግን፣ ደምለው አጠገቡ ቆሞ አሜን ይላል። ሁዳዴ ሲገባ ግን ዘርጋው ወተቱን ተወ። ደምለው ጾሙን አላሰበበትም። ገላው እንደገና ፈነዳ።

ታናሹ አንተነህ ከመጀመሪያው ጀምሮ ቁስሉን በንጹሕ ውሃ እያጠበ፣ ኮባ ቅጠል እያነጠፈ ሲያገላብጠው ኖሯል። ቆዳው ሲለቅ አጥር ሆኖ የቆየለት እሱ ነው። የወንድሞቹን ሥራ እያወቀ ዝም ብሎ ነበር፤ አሁን ግን ቁጭ ብሎ ሁሉንም ለአባቱ ነገረው። ደምለው «ወንድምህን አሳልፈህ ሰጠህ» ብሎ ፊቱን አዞረበት።

ዘርጋውም የንስሐ አባቱን አስጠራ። እሳቸውም «መድኃኒትም የእግዜር ነው፤ ጠበሉን እየተጠመቅህ ክኒኑን ዋጥ» አሉት። በገዛ እጁ ዋጠ፤ እያደር ዳነ።

ልጆቹ ምርቃቱን ሲጠይቁት ግን ለንስሐ አባቱ እንዲህ አለ፦ «ደሜ ሳያውቅ ነው የቆረጠኝ። እነዚህ ልጆቼ ግን እያወቁ ነው። ያለ እነሱም ዛሬ አፈር ነበርኩ።»

እጁን ዘርግቶ ቀረ፤ ሦስቱም ተንበርክከዋል። እንግዲህ እናንተ ፍረዱ፦ መሐላውን በጣሰው፣ ክኒኑን በደበቀው ወይስ እውነቱን አቆይቶ በተናገረው፣ በማን ራስ ላይ ይጫን?