ወፍጮ የተባለችው ፒካፕ

አንድ ሰው ነበረ። ከአባቱ የወረሳት አሮጌ ፒካፕ ነበረችው። በገበያ ቀን ሰውና ዕቃ እየጫነ ከቆላ ወደ ደጋ ያወጣባት ነበር።

ቆይ አስናቀ፣ ፊትህን አታጥቁር። የጠየቅኸኝን አልረሳሁትም። «አባቴ ጯሂ ነበር፤ እኔ ግን በልጆቼ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፤ ታዲያ ለምንድነው የማይቀርቡኝ?» ነው ያልኸኝ። አንተ ከልጅነትህ ጀምሮ ነገር ሁሉ በአንድ ጉርሻ ካላለቀ አትወድም። ዛሬ እያላመጥህ ትሰማኛለህ።

ፒካፗ የጥንት ሥሪት ናት። የራዲያተሯን ውሃ የሚያቀዘቅዘው ፋን ከሞተሩ ጋር በቺንጋ፣ በጎማ ቀበቶ ማለቴ ነው፣ የተያያዘ ነበር። ሞተሩ በዞረ ቁጥር ፋኑም ይዞራል፤ ብርድ ይሁን ሙቀት፣ ያስፈልግ አያስፈልግ አይመርጥም። ዳገት ላይ በአንደኛ ማርሽ ስታቃስት ታዲያ የፋኑ ድምፅ ሌላ ነው። ሸለቆው በሙሉ ይጮሃል፤ ከወንዙ ማዶ ቤቱ የተቀመጠ ሰው እንኳ ይሰማዋል። ለዚህ ነው ሰዉ መኪናዋን «ወፍጮ» ብሎ የሰየማት።

እኔም ብዙ ጊዜ ተሳፍሬባታለሁ። ያን ጊዜ የሚነዳት አባትየው ነበር። ከጎንህ ከተቀመጠው ሰው ጋር ለመነጋገር መጮህ ነበረብህ። አንዲት ሴት የልጇን የጋብቻ ምስጢር ለእህቷ ሹክ እላለሁ ብላ፣ ጭነቱ ላይ የተቀመጥነው ሁሉ ከነጥሎሹ ሰማናት። እሷም ተናደደች፣ እኛም በሳቅ ሞትን። ውሃው ሲፈላ ደግሞ ዳገቱ መካከል ላይ ትቆማለች። ሁላችን እንወርዳለን፤ አንዱ ከምንጭ ውሃ ይቀዳል፣ ሌላው ድንጋይ ጎማው ሥር ይወትፋል፣ የቀረነው እስክትቀዘቅዝ ድረስ ጨዋታ ነው። ስንት የተጣላ ሰው እዚያ ታርቋል። ያኔ ድምፅዋን ስንራገም እንውል ነበር፤ ዛሬ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ብሰማው እወዳለሁ።

የቆላውን ፀሐይ ታውቀዋለህ፤ የዋዛ አይደለም። ስለዚህ በዚያ አገር መንገድ ዳር ቆሞ መኪና የሚጠብቅ ሰው የለም። ከመንገዱ በላይ፣ ጉብታው ላይ ካለው ቁርቁራ ዛፍ ሥር ፊቱን ወደ ወንዙ አዙሮ ይቀመጣል፤ ለሚያልፈው መኪና ሁሉ ዞሮ አያይም። የወፍጮዋ ድምፅ ከታች ከወንዙ ሲነሳ እሱም ይነሳል። ዶሮውን ያንጠለጥላል፣ ጆንያውን ይሸከማል፣ የታመመውን ይደግፋል። ቁልቁል ወርዶ መንገዱ ላይ ሲደርስ እሷም ትደርሳለች። በየማረፊያው እንዲህ ነበር፤ ሰዓት የሚያይ ሰው አልነበረም።

በኋላ አባትየው ሞተና መኪናዋ ለልጁ ደረሰች። ልጁ ደህና ሰው ነው፤ ሥራ ወዳድ፣ አንገቱን የደፋ፣ ዝምተኛ። መኪናዋ ግን አስቸገረችው። ፋኑ ያለ ዕረፍት እየዞረ የሞተሩን ጉልበት ይበላል፤ ዳገቱን መውጣት ጭንቅ ነው። ቺንጋው ሲላላ ደግሞ ውሃው ይፈላል። አባቱ በትዕግሥትና በጨዋታ የሚያልፈውን ነገር ልጁ አልቻለውም። አንድ ቀን የፋኑ አንድ ምላስ ተሰብሮ ራዲያተሩን ቀደደው። ያን ጊዜ ቆርጦ ወደ መካኒክ ሄደ።

መካኒኩ «ይኸን ከሞተሩ ጋር የሚዞር ነገር አውጥተን እንገላገል» አለው። ከተጋጨች የቤት መኪና የተፈቱ ሁለት የኤሌክትሪክ ፋኖች ነበሩት። ራዲያተሩን አስበይዶ እነሱን ጎን ለጎን አሰራቸው፤ ከባትሪው ሽቦ ሳበላቸው፤ ሽቦው እንዳይቃጠል ፊውዝ አደረገበት። የድሮው ዲናሞ ለሁለቱ አይበቃም ብሎ በበረታ ለወጠው። መጨረሻ ላይ የውሃውን ሙቀት እያየ የሚያበራና የሚያጠፋ ነገር ገጠመለት። ውሃው ሲሞቅ ፋኖቹ ይነሳሉ፤ ሲበርድ ይተኛሉ።

ፒካፗ ሌላ መኪና ሆነች። ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ወጣችው። ውሃ መፍላት ቀረ፣ መንገድ ላይ መቆም ቀረ። ጋቢና ውስጥ የተቀመጠ ሰው እንደ ሰው ያወራል። ልጁ ደስ አለው፤ አባቱን ዕድሜ ልኩን ያንገላታውን ነገር እሱ መላ አበጀለት። ሥራው ልክ ነበር አስናቀ፤ ይኸን ልብ በልልኝ።

በገበያው ቀን ግን የመጀመሪያው ማረፊያ ላይ ወደ መንገዱ የወረደ ማንም የለም። ቀጥሎ ባለውም የለም። ባዶ መኪና ነድቶ ገበያ ገባ። «ምናልባት ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል» አለ። በሚቀጥለውም ገበያ እንደዚያው። ክላክስ ነፋ፤ ነገር ግን በዚያ መንገድ የሚያልፍ የጭነት መኪና ሁሉ በየመታጠፊያው ክላክስ ይነፋል፤ ለክላክስ ብሎ ከጥላ የሚነሳ የለም።

ልጁ የአባቱ ሐዘን ገና ያልወጣለት ነበር። ያዘነ ሰው ደግሞ ነገር ሁሉ ወደ እሱ የተወረወረ ይመስለዋል። «የሚወዱት አባቴን ነበር፤ እኔን አይፈልጉኝም» አለ። ሚስቱ «ወርደህ ጠይቃቸዋ!» አለችው። «ተሳፈሩልኝ ብዬ ልለምን? አላደርገውም» ብሎ ዘጋ። ከዚያ ወዲያ በዚያ ሲያልፍ ወደ ዛፎቹ ቀና ብሎም አያይም። በመጨረሻ የአባቱን መኪና ሊሸጣት ወሰነ። ለዚያ ቆላ ሰው ደግሞ ያለችው መኪና እሷ ብቻ ነበረች፤ ሌሎቹ የሚያልፉ እንጂ የሚያቆሙ አልነበሩም።

በአንድ የገበያ ቀን ለሽያጭ ይዟት ሲወጣ በስፖኪዮ ወደ ኋላ አየ። አቧራው ውስጥ አንዲት አሮጊት ነጠላዋን እያውለበለበች ትሮጣለች። አንድ ልቡ «እስካሁን የት ነበረች?» ብሎት ሊያልፋት ነበር። እግሩ ግን ፍሬን ረገጠ። ወርዶ ጠበቃት።

«አንተ ነህ?» አለችው እያለከለከች። «አንተ ነህ እንዴ በየገበያው እንደ ሌባ የምታልፈን?»

«እኔማ በቀኔ እመጣለሁ፤ እናንተ ናችሁ የጠፋችሁት» አላት።

«ወፍጮዋን መቼ ሰማንና! ከአባትህ ጋር አብራ ሞተች ብለን እርማችንን ልናወጣ ነበር። ባለቤቴን ሐኪም ዘንድ ላወጣው በየገበያው ቁርቁራው ሥር አስተኝቼ ጆሮዬን ሰጥቼ እውላለሁ። ዛሬ ጭራሮ ልለቅም ወደ መንገዱ ባልወርድ መች አይህ ነበር?»

ልጁ ቀና አለ። ጉብታው ላይ፣ ቁርቁራው ሥር፣ ሰዉ ከነዶሮው፣ ከነጆንያው ተቀምጧል። ሁሉም ፊቱን ወደ ወንዙ አዙሯል። እሱ ከበታቻቸው ቆሞ ሳለ፣ እነሱ አሁንም ከሩቅ የሚመጣ ድምፅ ይጠብቃሉ።

ያን ጊዜ ሞተሩን አጠፋ። ጉብታውን በእግሩ ወጣ። የተቀመጡትን አንድ በአንድ ሰላም አለ። «የአባቱ ልጅ! የአባቱ ልጅ!» እያሉ አገላብጠው ሳሙት፤ ለሟቹም እንደ አዲስ ተለቀሰለት። የአሮጊቷን ባል እሱ ራሱ ደግፎ አወረደውና ጋቢና አስቀመጠው። የቀሩትም ጭነቱ ላይ ወጡ። ልትሸጥ የወጣችው መኪና ሞልታ ሄደች፤ ስለ ሽያጭም ከዚያ ወዲያ የተነሳ ነገር የለም።

ወደ ደጋ ሲወጡ ልጁ አሮጊቷን «የድሮውን ፋን ላስመልሰው ይሆን እናቴ?» ብሎ ጠየቃት። «ምን ሊያደርግልን?» አለችው። «ጆሮአችን ገና አሁን ዐረፈ። አንተ ብቻ ቆመህ ጥራን።»

ከዚያ ጀምሮ በየማረፊያው ሞተሩን ያጠፋል፤ ይወርዳል፤ ጉብታውን ወጥቶ በየስማቸው ይጠራቸዋል። ጊዜ ይፈጃል፤ ገበያም ያረፍዳል። አባቱ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ይጠራው የነበረውን ሰው፣ ልጁ በእግሩ እየሄደ ጠራ።

እንግዲህ አስናቀ፣ ያ ሹፌር አንተ ነህ።

አባትህ በላቸው ጯሂ ነበር፤ ጎረቤቱ ስለነበርኩ አልክድም። በሩን ሳይከፍት «ማነው ይኸን ባልዲ እዚህ የገተረው!» ይል ነበር። ባልዲው ምን አጠፋ? እናንተም ከየጓዳው ግር ብላችሁ ትወጣላችሁ፤ አንዱ ባልዲውን ያነሳል፣ አንዱ ከዘራውን ይቀበላል፣ አንዱ ጫማውን ያወልቅለታል። በፍርሃት ነበር የምትወጡት፤ ይኸም እውነት ነው። ያን ቁጣ ከቤትህ በማውጣትህ ደግ አደረግህ። ልጅን ያቆስላል፤ መልሰህ እንዳታስገባው።

ነገር ግን በዚያ ጩኸት ውስጥ «መጥቻለሁ፣ የት ናችሁ?» የሚል ነገርም ነበረበት። አንተ ጩኸቱን ስታወጣ ያም አብሮ ወጣ፤ በምትኩ ያስገባኸው የለም። ቀስ ብለህ ትገባለህ፣ ቀስ ብለህ ትቀመጣለህ፣ ጋዜጣህን ትዘረጋለህ፤ ከዚያ ልጆቹ ራሳቸው ይምጡ ብለህ ትጠብቃለህ። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይባላል፤ ልክ ነው። ልጅም አይጠጋውም። እነሱም ጓዳ ሆነው አባታችን ይጥራን ብለው ይጠብቃሉ። አንተ «አይወዱኝም» ብለህ እኔ ዘንድ መጣህ።

ትልቋ ልጅህም መጥታ ነበር። አትደንግጥ፤ ተቀመጥ። እዚያችው አንተ ያለህበት ወንበር ላይ ተቀምጣ «አባባ፣ አባታችን ምን አድርገነው ነው የተቀየመን?» አለችኝ።

አየህ? አንድም ቀን አልተቆጣሃትም፤ እሷ ግን ቁጣህን ስትፈራ ትኖራለች።

እኔ አባትህ ይናፍቀኛል። ክፉውንም ደጉንም እየጮኸ ይነግረን ነበር፤ ሲሞት ሰፈሩ ጭር አለ። የእሱን ድምፅ ከአንተ አልፈልግም፤ የራስህን አውጣ። በስማቸው ጥራቸው፤ ካልመጡ ያሉበት ድረስ ሂድ። በል አሁን ተነስ። ትልቋን አስቀድም፤ በጠባይዋ አንተኑ ናት፣ ካልጠሯት አትመጣም።