የጉልበተኛው አምፕሊፋየር ሽቦ

ጆሮ ያላችሁ ቀረብ በሉ፤ ሽቦ ፍለጋ የተሮጠውን ሩጫ ላውጋችሁ።

ወሰንየለሽ ለሰርግ የድምፅ መሣሪያ ታከራይ ነበር። የታናሽ እህቷ የትርንጎ ሰርግ ዕለት ግን መሣሪያው ጉድ አደረጋት። አምፕሊፋየሩ ጉልበተኛ፣ ስፒከሩ ከዳሱ ማዶ፣ ሽቦው እንደ ክር የቀጠነ! ሽቦው ጋለ፤ ስፒከሩ አቃሰተ።

«ሙሽሮቹ ሊገቡ ነው! ወፍራም ሽቦ!» እያለች ወደ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ወደ ጋሽ ፈንታ በረረች።

«ሽቦውስ ሞልቷል፤ ግን ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ቁልፉ ከዘነቡ ጋር ወፍጮ ቤት ነው» አሏት።

ወደ ሚስታቸው ሮጠች። «እትዬ ዘነቡ፣ ቁልፉን! ሳጥኑ ከተከፈተ ሽቦው ይወጣል፣ ሽቦው ከወጣ ስፒከሩ ይዘፍናል!»

«ቁልፌን ለሰው አልሰጥም፤ ራሴ መጥቼ እከፍታለሁ። ጤፌ ሳይፈጭ ግን ንቅንቅ አልልም!»

ወደ ባለወፍጮው ዞረች። «ወንድሜ፣ ፍጭላቸው! ጤፉ ከተፈጨ እትዬ ይመጣሉ፣ እትዬ ከመጡ ሳጥኑ ይከፈታል፣ ሳጥኑ ከተከፈተ ሽቦው ይወጣል፣ ሽቦው ከወጣ ስፒከሩ ይዘፍናል!»

«በምን ላዙረው? ቺንጋው ተበጥሷል» ብሎ የተበጠሰውን ቀበቶ አሳያት።

ቀበቶውን ነጥቃ ጫማ ሰፊው ጋሽ ይመር ዘንድ ደረሰች። «ጋሼ፣ ይስፉልኝ! ቺንጋው ከተሰፋ ወፍጮው ይዞራል፣ ወፍጮው ከዞረ ጤፉ ይፈጫል፣ ጤፉ ከተፈጨ እትዬ ይመጣሉ፣ እትዬ ከመጡ ሳጥኑ ይከፈታል፣ ሳጥኑ ከተከፈተ ሽቦው ይወጣል፣ ሽቦው ከወጣ ስፒከሩ ይዘፍናል!»

ጋሽ ይመር ወስፌያቸውን አስቀመጡ። «አልሰፋም።»

«ምነው ጋሼ?»

«ትርንጎ ድክ ድክ ስትል ጫማዋን የሰፋሁላት እኔ። ሰፈሩ ሁሉ ሲጠራ የእኔን በር አልፋችሁት ሄዳችሁ።»

ወሰንየለሽ ፊቷ ጋለ። የጥሪውን ካርድ ያደለች ራሷ ነበረች። ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ረሳሁዎት። ይቅር ይበሉኝ። ከቤተሰቡ ጋር ይቀመጡልን።»

ሽማግሌው ወስፌያቸውን አነሱ። «ምን ያስጎነብስሻል? ቶሎ ያዢልኝ እንጂ፤ ሙሽራ አይጠብቅም!»

ጋሽ ይመር ቺንጋውን ሰፉ፤ ቺንጋው ወፍጮውን አዞረ፤ ወፍጮው ጤፉን ፈጨ፤ ጤፉ እትዬን ለቀቀ፤ እትዬ ሳጥኑን ከፈቱ፤ ሳጥኑ ሽቦውን ሰጠ፤ ሽቦው የአምፕሊፋየሩን ጉልበት ሳይሰስት ለስፒከሩ አደረሰ፤ ስፒከሩም ዘፈነ! የሙሽሮቹ መኪና ጥሩምባ ከደጅ ተሰማ፤ ዳሱ በእልልታ ተናወጠ።

ጋሽ ይመር አዲስ ኮታቸውን ለብሰው ከስፒከሩ ጥግ ቆመዋል። ወሰንየለሽ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለች። «ጋሼ፣ ጮኸብዎት? ልቀንሰው?»

«ኧረ ጨምሪው!» አሉና ትከሻቸውን እየሰበቁ ጭፈራው መሃል ገቡ።